አማቴ ቤቴ የገቡበት ቀን

ሸክላ ሠሪ ነኝ። እናቴም ሸክላ ሠሪ ናት፤ የእናቴ እናትም እንደዚያው ነበረች። ግራና አካባቢ ያደገ ሰው ይህን ከሰማ የቀረውን ልነግረው አያስፈልግም። ለማያውቅ ግን ትንሽ ልበል።

እኛ የሠራነውን ድስት ሰው ሁሉ ይገዛል፤ ወጡን ይሠራበታል፣ ምጣዳችን ላይ እንጀራውን ይጋግራል። እኛ ቤት ገብቶ ከዚያው ድስት የወጣውን ቅመስ ሲባል ግን "አሁን ነው የበላሁት" ይላል። የሸክላ ሠሪ ዓይን ይበላል ስለሚባል፣ ልጅ ሆኜ ከእናቴ ጋር ገበያ ስንወርድ ሕፃን ያዘለች ሴት እኛ ጋ ስትደርስ ነጠላዋን በልጇ ፊት ላይ ጣል ታደርግ ነበር። ድስቱን አገላብጣ፣ በጣቷ አንኳኩታ፣ ድምፁን ሰምታ ትገዛለች፤ ልጇን ግን ትሸፍናለች። ጋብቻማ የሚታሰብ አልነበረም። ዛሬ ከተማው ላይ ነገሩ ላልቷል፤ አፍ አውጥቶ የሚናገር ጥቂት ነው። ሆድ ውስጥ ያለውን ግን ባለቤቱ ነው የሚያውቀው።

ባለቤቴ ዳምጠው የጉባ ላፍቶ ደጋ ሰው ነው፤ አይሱዙ ይነዳል። የተዋወቅነው የእናቴን ድስቶች ከግራና ጭኖ ወልድያ ሲያደርስልኝ ነው። ሌላው ሹፌር ጉድጓዱን ሳያይ ነድቶ ግማሹን ገል አድርጎ ያወርድልኝ ነበር። ዳምጠው ግን ጉድጓድ ባየ ቁጥር እየቆመ፣ ቀስ እያለ ሄደ። ከኋላው ያሉት መኪኖች ጡሩንባ ሲያሰሙበት "እንቁላል እንደጫንኩ አድርጋችሁ ቁጠሩት" እያለ ይስቃል። አንድም አልተሰበረብኝም። ከዚያ በኋላ ሌላ ሹፌር አልፈለግኩም።

ሽማግሌ ሊላክ ሲባል አባቱ አያ ካሣው "የማን ልጅ ናት?" ብለው ጠየቁ። ተነገራቸው። "እንግዲያው ልጁ የራሱ ጌታ ነው፤ ያሻውን ያድርግ። እኔ ግን ቤቱን አልረግጥም፤ እሷም የኔን ደጅ አትርገጥ" አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። እኛም ተጋባን፤ መርሳ ላይ ቤት ተከራይተን ጓሮው ላይ ለሸክላዬ ዳስ ሠራሁ፣ ዶሮ አረባሁ፣ ሶስናን ወለድኩ። ስድስት ዓመት እንዲህ አለፈ። አማቴን አንድ ቀን እንኳ አይቻቸው አላውቅም ነበር።

ያ ቀን የሐምሌ ሐሙስ ነው። የሐዋርያት ጾም ተፈትቶ የፍልሰታው ገና አልገባም። ዳምጠው አፋር ጭነት ይዞ ወርዷል፤ ስልኩ አይሠራም። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ጠዋት ላይ ጋብ ሲል፣ ትናንት ያበጀኋቸውን ድስቶች አፋቸውን በድንጋይ እያለሰለስኩ ሳለ ስልኬ ጠራ። ሲሳይ ነበር፤ የዳምጠው የአክስት ልጅ። ከዚያ ቤተሰብ እኛ ቤት የሚገባና የሚበላ እሱ ብቻ ነው።

"የሺ፣ መርሳ መናኸሪያ ነን" አለኝ።

"ከማን ጋር?"

"ከአጎቴ ጋር።"

እሱ ቀጠለ። አማቴ ደሴ ሄደው ዓይናቸውን ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸዋል። እየተመለሱ ሳለ ከመርሳ ወደ ወልድያ ያለው ወንዝ ሞልቶ መንገዱ ላይ ወጥቷል፤ መኪና ሁሉ ቆሟል። አልጋ ቤቶቹ ሞልተዋል። ሽማግሌው እግራቸው ጭቃ እንደሆነ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጠዋል።

"ዓይናቸውን ብርድና ቆሻሻ እንዳያገኘው ተብሏል። አንቺ ቤት ላምጣቸው?"

"የማን ቤት እንደሆነ ያውቃሉ?"

"አያውቁም። የጓደኛዬ ቤት ነው እላቸዋለሁ። አንዱ ዓይናቸው ታሽጓል፤ ሌላው ገና ተራ የሚጠብቅ ነው፣ ከጥላ በቀር አያይም። ድምፅሽንም አያውቁት።"

"አምጣቸው" አልኩ። አስቤ አልነበረም። ሽማግሌ ጭቃ ላይ ተቀምጦ እያለ ሌላ ምን ይባላል?

ስልኩን ስዘጋ ግን አንድ በአንድ መጣልኝ። ሶስናን አጥር ለአጥር የምንጎራበታት ዘሃራ ቤት ወሰድኳት፤ ልጅ ናትና ሳታስበው የአባቷን ስም ትጠራለች። ዘሃራ ነገሩን ስነግራት "አላህ ያግዝሽ፤ ልጅቷ እኔ ጋ ትዋል" አለችኝ። ተመልሼ ድስቶቹን አየሁ። ዓይናቸው እንደማያይ ተነግሮኛል፤ ቢሆንም ላስቲክ አምጥቼ ሸፈንኳቸው። የተቦካውንም ጭቃ፣ ማለስለሻ ድንጋዩንም ሸፈንኩ። ከጥፍሬ ሥር ያለውን ጭቃ በስንጥር አወጣሁ። የራሴ ቤት ውስጥ የሌባ ሥራ የምሠራ ያህል ነበር የተሰማኝ።

"እንደምን ዋላችሁ ቤቶች" የሚል ድምፅ ከበር ተሰማ።

ረጅም፣ ቀጭን ሽማግሌ ናቸው። አንድ እጃቸው ዱላ ላይ፣ አንዱ ሲሳይ ትከሻ ላይ። ግንባራቸው የዳምጠው ግንባር ነው። አስገባኋቸው፤ መደቡ ላይ አጎዛ አነጠፍኩላቸው፤ ሞቅ ያለ ውሃ አምጥቼ እግራቸውን አጠብኩ። ጭቃው ሲለቅ ተረከዛቸው እንደ በጋ መሬት የተሰነጣጠቀ ነበር።

"ተባረኪ ልጄ" አሉ። "የወለዱሽ ይባረኩ።"

"አሜን" አልኩ።

ሲሳይ ጓሮ ወጥቶ እንቁላል ያቆመችውን ነጯን ዶሮ ያዘልኝና ባርኮ አረደልኝ። እኔ በፈላ ውሃ ላባዋን ነጭቼ፣ በሎሚና በጨው ደጋግሜ አጥቤ፣ ብልቷን አውጥቼ አስቀመጥኩ። ሽንኩርቱን ከትፌ ራሴ በሠራሁት ድስት ያለ ዘይት ጣድኩት። ምድጃው ከመደቡ ሩቅ አይደለም፤ አማቴ ወደ እሳቱ ፊታቸውን አዙረው ተቀምጠዋል።

"ያለ ዘይት ነው የምታቁላይው" አሉ።

"እንዴት አወቁ አባባ?"

"ሽታው ይናገራል። ባለቤቴም እንዲህ ነው የምትሠራ። የዛሬ ሴት ይህን መቼ ታግሣ?"

ትንሽ ቆይተው ከጓሮ የሚመጣውን ድምፅ አዳመጡ። "ያቺ የምትንቋቋው ልትታቀፍ ነው።"

"ትናንት ነው የጀመራት።"

"ክረምት ነው፤ ጫጩቱን ብርድ ይጨርሰዋል። ካስታቀፍሻት ደግሞ ከቤት አስገቢያት።"

"እሺ አባባ።"

እንዲህ እያወራን ሽንኩርቱ ቀላ፤ በርበሬ ጨመርኩ፣ ቅቤ ጨመርኩ። ጨዋታ የሚያውቁ ሰው ናቸው። ስለ ደሴ ሐኪሞች፣ አጠገባቸው ተኝቶ ስለነበረ የወረባቦ ሰው፣ ስለ መንገዱ አወጉኝ። ሳላስበው ስቄም ነበር። ውሃ በሸክላ ዋንጫ ስሰጣቸው በጣታቸው ዙሪያውን ዳበሱት።

"ስስ ነው። ጥሩ እጅ የሠራው ነው" አሉ።

ሲሳይ ወደኔ ተመለከተ፤ እኔ ወደ ድስቱ ተመለከትኩ።

"የማን ልጅ ነሽ?" አሉ ቀጥለው።

"የግራና ነኝ።"

"የግራና የማን?"

"አባቴ በልጅነቴ ነው የሞተ። ያሳደገችኝ እናቴ ናት።"

ይህ እውነት ነው፤ መልስ ግን አልነበረም። እሳቸው ሰው እንዳያስጨንቁ ብለው መሰለኝ አልገፉበትም።

"እዚህ መርሳ ልጅ አለኝ" አሉ ከቆይታ በኋላ። "አይሱዙ ነው የሚነዳ። የኛ ቤት ከወልድያ ወደ ላይ ከሚወጣው መንገድ ዳር ነው። በዚያ ሲያልፍ ጡሩንባ ያሰማል። እኔም ከደጅ ወጥቼ እቆማለሁ። እሱ አይቆምም፣ እኔም አልጠራውም። እንዲህ ነው የምንኖር።"

ሲሳይ "አጎቴ፣ ይረፉ እንጂ" አለ።

"እያረፍኩ አይደል። ሴት ልጅ ወልዷል አሉ። ስሟን የሚነግረኝ አጣሁ፤ እኔም አልጠየቅሁ።"

በርበሬው ዓይኔ የገባ አስመስዬ በክንዴ ጠረግሁ።

ወጡ ሲደርስ እንቁላሉን ጨመርኩ፤ መሶቡን አቀረብኩ። አስታጠብኳቸው። እንጀራው መሐል ፈረሰኛውን አወጣሁላቸው፤ የቤት አባወራ የሚበላው ብልት እሱ ነው። አማትበው ጸለዩ። እጃቸው እንጀራውን ፈልጎ አገኘ፤ ቆረሱ፣ ጠቀለሉ። ሲሳይ በዓይኑ ዝም በይ ይለኛል። ሁለታችንም የምንጠብቀው አንድ ጉርሻ ብቻ ነበር። ከጎረሱ በኋላማ ነገሩ አልቋል፤ በልተዋል።

እኔ ግን ዓይኔ እጃቸው ላይ እንዳለ የሸፈንኩት ላስቲክ ታየኝ። የልጄን ስም እንደማያውቁ የነገሩኝም ትዝ አለኝ። ሰው እንዲህ ልቡን ከፍቶ ካወጋ በኋላ ማታለል አልሆነልኝም።

"አባባ፣ ከመጉረስዎ በፊት አንድ ነገር ልንገርዎ" አልኩ።

እጃቸው ቆመ።

"የሺ እባላለሁ። የዳምጠው ሚስት ነኝ። ይህ ቤት የልጅዎ ቤት ነው። ሸክላ ሠሪዋ እኔ ነኝ።"

ሲሳይ ፊቱን በእጁ ያዘ። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ እንደገና ጀመረ። አማቴ የያዙትን ጉርሻ ቀስ አድርገው መሶቡ ላይ መለሱት።

"አንተ ታውቅ ነበር?" አሉ ወደ ሲሳይ ዞረው።

"አዎ አጎቴ።"

"አታለህ አስገባኸኝ።"

"የት ልውሰድዎ? አልጋ የለ፣ መንገድ የለ።"

ዱላቸውን በእጃቸው ፈለጉ። "ወደ ውጭ አውጣኝ" አሉ። ሲሳይ ደግፎ በረንዳው ላይ ዱካ ላይ አስቀመጣቸው። ጋቢያቸውን ተከናንበው ፊታቸውን ወደ ዝናቡ አደረጉ። "ሲያባራ እንሄዳለን" አሉ።

ሲሳይ ተመልሶ ገባና በሹክሹክታ "እስኪበሉ ብትቆዪ ምን ነበረበት?" አለኝ።

"አልቻልኩም።"

"አሁን ምን አተረፍሽ?"

ተናዶ፣ መንገዱ ተከፍቶ እንደሆን ለማየት ወንዙ ድረስ ወረደ። እኔ መሶቡን ከድኜ ተቀመጥኩ። ሸክላ ሲተኮስ አንዳንዴ ከእሳቱ ውስጥ ጠሽ የሚል ድምፅ ይሰማል፤ አንዱ ተሰነጠቀ ማለት ነው። የትኛው እንደሆነ ግን እሳቱ እስኪበርድ አይታወቅም፤ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ብቻ ነው። እኔም እንደዚያ ተቀመጥኩ።

ምን ያህል እንደቆየን እንጃ። በረንዳው ላይ ሲቁነጠነጡ ሰማሁ።

"ሲሳይ" አሉ። "ሲሳይ።"

"አልተመለሰም አባባ።"

"ከረጢቱ ውስጥ መድኃኒት አለ። አምጪልኝ" አሉ።

አመጣሁላቸው። ትንሽ ጠርሙስ ናት፤ ዓይን ላይ የምትንጠባጠብ። ሲሳይ ሰዓቱ እንዳያልፍ ደሴ ላይ ደጋግመው እንደነገሩት አውግቶኝ ነበር፤ ካለፈ ዓይኑ ያመረቅዛል። አማቴ ራሳቸው ሽፋኑን አላቀቁት፤ አንገታቸውን ቀና አድርገው ጠርሙሷን ጨመቁ። ጠብታው ጉንጫቸው ላይ ወረደ። ደገሙት፤ ጋቢያቸው ላይ ፈሰሰ። ሦስተኛው የት እንደገባ እንጃ።

"አባባ፣ እያለቀ ነው። ይስጡኝ።"

"ሲሳይ ይምጣ።"

"ወንዝ ወርዷል። ሰዓቱ እያለፈ ነው።"

ጠርሙሷን ጨብጠው ቆዩ። ዶሮዎቹ ዝናቡን ፈርተው በረንዳው ጥግ ተኮልኩለዋል።

"የናንተ ሰዎች ዓይን ይወጋል ይባላል" አሉ በመጨረሻ። ሊሰድቡኝ ብለው አልነበረም፤ ገበያ ላይ ዋጋ እንደሚጠይቅ ሰው ነው ያሉት።

"ይባላል።"

"እውነት ነው?"

ለዚህ ስድሳ መልስ ከልጅነቴ ጀምሮ አፌ ላይ ነበር። ስቆጣ፣ ሳለቅስ የምናገረው። ያን ጊዜ ግን አንዱም አልመጣልኝም።

"አባባ፣ ልጅዎን ስድስት ዓመት በዚህ ዓይን ሳየው ኖሬያለሁ" አልኩ። "ደህና ነው። ወፍሯል እንዲያውም።"

ጠርሙሷን ዘረጉልኝና አንገታቸውን ወደ ኋላ ቀና አደረጉ።

እጄን በሳሙና ታጠብኩ። ከፊታቸው በርከክ ብዬ የታችኛውን ቆብ በጣቴ ዝቅ አደረግኩት። ዓይናቸው ቀልቷል፤ ብሌኑ ግን ጥርት ያለ ጥቁር ነበር። አንድ ጠብታ አስገባሁ። ጨፈኑ፤ ቆይተው ገለጡ። በዚያ ዓይን አዩኝ።

"ቀይ ነገር ይታየኛል" አሉ።

"ሻሼ ነው አባባ።"

"ቀይ ነው?"

"ቀይ ነው።"

"ቀለም ካየሁ ስንት ጊዜዬ" አሉ። ሽፋኑን መልሼ አደረግሁላቸው። ልነሣ ስል "ወጡ በርዷል?" ብለው ጠየቁኝ።

"በርዷል። ላሙቀው።"

"አታሙቂው፤ እንዳለ ይሁን። ልጅቷ ማን ትባላለች?"

"ሶስና።"

"የት ናት?"

"ጎረቤት ናት።"

"ጥሪያት። አብረን እንብላ።"

በአጥሩ ላይ ተጣራሁ። ዘሃራ ሶስናን በአጥሩ ቀዳዳ አሳለፈችልኝ፤ ምንም አልጠየቀችም፣ ፊቴን አይታ ገብቷታል። ሶስና አያቷን ትክ ብላ አይታ "ዓይንህን ምን ሆንክ?" አለቻቸው። "ዓይንዎን በይ" ስላት "ተያት" አሉኝ። ከፈረሰኛው ቆርሰው መጀመሪያ እሷን አጎረሷት። ከዚያ ራሳቸው ጎረሱ። በዝግታ አላምጠው ዋጡ። ስለ ወጡ አንድም ቃል አልተናገሩም፤ እንጀራ ግን ሁለት ጊዜ ጨመርኩላቸው።

ሲሳይ በስብሶ ሲመለስ መሶቡ ዙሪያ አገኘን። በር ላይ ቆሞ ቀረ። "ወንዙ ጎድሏል፤ መኪኖቹ እየተነሡ ነው" አለ እንደምንም።

"ዳምጠው መቼ ነው የሚመጣው?" አሉኝ አማቴ።

"ነገ ይመስለኛል።"

"እንግዲያው አውቶቡሱ ይሂድ" አሉ።

ዳምጠው በማግስቱ ደረሰ። ሞተሩን ሳያጠፋ፣ ዕቃ አውርዶ ለመሄድ ነበር የገባው። አባቱን መደቡ ላይ ሲያይ ቁልፉ ከእጁ ወደቀ። ሄዶ ጉልበታቸውን ሳመ። አማቴ እጃቸውን ራሱ ላይ አድርገው ትንሽ ከቆዩ በኋላ "መኪናህን አጥፋት፤ ነዳጅ አትጨርስ" አሉት። በአባትና በልጅ መሐል ስድስት ዓመት ሙሉ የተከማቸው ነገር በዚህች ንግግር አለቀ። ዳምጠው ወጥቶ መኪናዋን አጠፋ፤ ሲመለስ ዓይኑ ቀልቶ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሁሉ ነገር ተስተካከለ ብዬ አልዋሻችሁም። አማቴ ሁለተኛውን ዓይናቸውን ሲታከሙ ሲሄዱም ሲመለሱም እኛ ጋ አርፈዋል፤ ባለቤታቸውም መጥተው አይተውናል። የዳምጠው ታላቅ ወንድም ግን ዛሬም ቤታችን ከመጣ፣ ፍስክ ቀንም ቢሆን፣ ጾመኛ ነው። እኔም "ይጹሙ" ብዬ እስቃለሁ። ድሮ አለቅስ ነበር። ሸክላዬን ድሮ ለነጋዴ ሰጥቼ ነበር የማስሸጠው፤ ማን እንደሠራው እንዳይታወቅ። አሁን ደጄ ላይ፣ ከአስፋልቱ ዳር ደርድሬ አጠገቡ እቀመጣለሁ። ሕፃኗን የምትሸፍን እናት ዛሬም አልፎ አልፎ አያለሁ። ቀና ብዬ ሰላም እላታለሁ። አንዳንዷ አፍራ ትገልጠዋለች።

አማቴ ሁለቱም ዓይናቸው ከበራ በኋላ የመጡ ቀን በር ላይ ቆመው ፊቴን ሲመረምሩ ቆዩ። "አንቺ ነሽ?" አሉ። "እኔ ነኝ" አልኩ። "ድምፅሽ ትልቅ ሰው ያስመስልሻል። ልጅ ነሽ ለካ" ብለው ገቡ።

ይህን ታሪክ ስናገር ብዙ ሰው እንደ ሲሳይ ነው የሚለኝ። አንቺም አበዛሽው፣ አንድ ጉርሻ እስኪጎርሱ ብትታገሺ ምን ነበረበት፣ ጠብታዋ ሰበብ ባትሆን ኖሮ ጦማቸውን ይሄዱ ነበር ይሉኛል። ልክ ናቸው፤ ይሄዱ ነበር። እናንተም ይህን የምታነቡ እኔን ብትሆኑ ምን ታደርጉ እንደነበር አላውቅም፤ አልፈርድባችሁምም። እኔ ግን ዛሬም ቢሆን ያንኑ ነው የማደርገው። ሳያውቁ በልተው ቢሆን ኖሮ፣ የበሉት የሌላ ሴት ወጥ ነበር።